የአባት ጎራዴ እውነተኛነቱ በምን ይታወቃል?

አንባቢ ሆይ! በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከሚኖሩት የቆዩ ቤተ ሰቦች አንዳንዶቹ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ጎራዴ በግድግዳቸው ላይ ተሰቅሎ፣ አለዚያም በጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ይህም የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ሦስቱ ከተሞች በአዲስ አበባ ዙሪያ እንደ በር የቆሙ ናቸውና፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ተራራ በስተ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ገረሱ ዱኪ በወሊሶ በኩል፣ ጃገማ ኬሎም በጅባትና ሜጫ በኩል ጠላትን የተዋጉት ከነዚሁ መንገዶች ሳይርቁ ነው። የዘመተ ሰው በነበረበት ቤት ሁሉ የዘማቹ መሣሪያ ለልጅ መተላለፉ የታወቀ ነው።

ዛሬ ግን እነዚህ ጎራዴዎች ከሁለት ወገን አደጋ ያገኛቸዋል። አንደኛው አደጋ ገዢ ነው። አንድ ነጋዴ ይመጣና ጎራዴውን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ይህማ ሐሰተኛ ነው፤ ስለቱ የፈረንጅ ነው፤ እጀታውም ተለውጧል» በማለት በጥቂት ገንዘብ ይወስደዋል። ሁለተኛው አደጋ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው። ለበዓል ያምር ብሎ ወይም ዋጋው ከፍ እንዲል አስቦ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጠፋው ብረት ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰቡ ታሪክ የተጻፈበት ገጽ ነው። ስለዚህ አንድ የቆየ ጎራዴ እውነተኛ መሆኑ፣ ኋላ የተለወጠበትም ነገር በምን እንደሚታወቅ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የጎራዴው ዐይነትና ክፍሎቹ

በአገራችን በብዛት የሚገኙት ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኛው ሾተል ነው። ሾተል እንደ ማጭድ እጅግ የጎበጠ፣ በሁለት ወገን የተሳለ፣ ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ መሣሪያ ሲሆን፣ መጉበጡ የባላጋራን ጋሻ አልፎ ከበስተ ኋላ ለመውጋት ይረዳል። ሁለተኛው ጎራዴ ነው። ጎራዴ ከሾተል ይልቅ ቀና ያለ፣ በመጠኑ ብቻ የጎበጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን የተሳለ ነው። ከጦር መሣሪያነቱም በላይ የማዕረግ ምልክት ነበረ፤ ነገሥታቱ ለመኳንንትና ለጀግኖች ይሸልሙት ነበር።

ከመመርመራችን በፊት የክፍሎቹን ስም እንወቅ። ዋናው ብረት ስለት ይባላል። በስለቱ ጎን ብዙ ጊዜ እንደ ቦይ የተቦረቦረ መስመር አለ። ስለቱ ወደ እጀታው ሲገባ ቀጥኖ እንደ ጭራ ይሆናል፤ ይህ ጭራ በእጀታው ውስጥ አልፎ በራሱ በኩል ብቅ ካለ በኋላ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይጠፈጠፋል። እጀታው ከእንጨት ወይም ከቀንድ ይሠራል፤ የባለማዕረግ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ማስቀመጫው አፎት ወይም ሰገባ ሲሆን፣ ቆዳ ወይም ከፋይ የለበሰ፣ አልፎ አልፎም በብር ጌጥ የተዋበ ነው። አባቶቻችን ጎራዴን የሚታጠቁት በቀኝ ጎናቸው እንደ ነበረ ማስታወስም ለምርመራ ይጠቅማል። በግራ ከሚታጠቁት አገሮች የመጣ አፎትና የእኛው አፎት በሰውነትና በልብስ የሚፋተጉት በተለያየ ጎን ነውና።

የውጭ አገር ስለት የሐሰት ማስረጃ አይደለም

አሁን ነጋዴው ወዳለው ነገር እንመለስ። «ስለቱ የፈረንጅ ነው» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ «ስለዚህ ሐሰተኛ ነው» ማለቱ ግን ስሕተት ነው።

በተለይ ከዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጀርመን አገር ከምትገኘው ከሶሊንገን ከተማ፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሣይም የተሠሩ ብዙ ስለቶች ወደ አገራችን ገብተዋል። ሶሊንገን ከመካከለኛው ዘመን ጀምራ በስለት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። በለንደን የነበረው የዊልኪንሰን ፋብሪካም ለኢትዮጵያ ጎራዴዎችን ሠርቷል። በነዚህ ስለቶች ላይ የይሁዳ አንበሳ ሥዕልና የንጉሠ ነገሥቱ ስም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስለቱ እዚህ ከደረሰ በኋላ የአገራችን ባለ እጅ እጀታውን ይገጥምለታል፤ ቆዳ ሠሪው አፎቱን ያለብሰዋል። ከምርኮ የተገኘ ስለትም እንዲሁ የአገር ቤት እጀታ ይበጅለት ነበር። ስለዚህ የጀርመን ስለት፣ የሸዋ ወይም የጎጃም እጀታ፣ የአገር ቤት አፎት ያለው ጎራዴ እውነተኛ የኢትዮጵያ ጎራዴ ነው። የተሠራበትን ዘመን ንግድና ጥበብ በአንድ ላይ ያሳያል።

በዚህ አጋጣሚ ሥራውን የሠሩትን ሰዎች ማስታወስ ይገባል። ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ሠሪው በዚያን ዘመን ይናቁ ስለ ነበረ ስማቸውን በሥራቸው ላይ የጻፉት ጥቂቶች ናቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያመለክታል። የሠሪው ስም ስለማይገኝ እኛ ልናነበው የምንችለው የእጁን ሥራ ብቻ ነው።

የጃፓኖች ልማድ

በዓለም ላይ ሰይፍን በመመርመር ከታወቁት ሕዝቦች አንዱ የጃፓን ሕዝብ ነው። በጃፓን በ1868 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ከጥቂት ባለሥልጣኖች በቀር ሰይፍ መታጠቅ ለማንም ተከለከለ፤ ዳሩ ግን ሰይፉ እንደ ጥበብ ሥራ መከበሩ አልቀረም። የጃፓን ዐዋቂ ሰይፍ ሲቀርብለት እጀታውን የያዘችውን የቀርከሃ ችንካር አውጥቶ እጀታውን ያወልቅና በውስጡ የተደበቀውን የብረት ጭራ ይመለከታል። ሠሪው ስሙን የሚቀርጸው በዚያ ላይ ነውና። ጭራው ላይ ያለውን ጥቁር ዝገት ማንም እንዲያጸዳው አይፈቀድም፤ የዝገቱ ቀለም ዕድሜውን ይናገራልና።

ከነርሱ የምንማረው ትልቅ ነገር ይህ ነው፤ ለውጥና ማታለል የተለያዩ መሆናቸውን ለይተው ያውቃሉ። በጥንት ዘመን ብዙ ረጃጅም ሰይፎች በኋላ ለመጣው አታጣጠቅ እንዲስማሙ ከጭራቸው በኩል ተቆርጠው አጥረዋል፤ በመቆረጣቸውም የሠሪው ስም ጠፍቷል። እንዲህ ያለው ሰይፍ ግን አይናቅም፤ ለአገልግሎት ሲባል የተለወጠ ነውና። በአንጻሩ በማይረባ ሰይፍ ላይ የታዋቂ ሠሪ ስም መቅረጽ ማታለል ነው። በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የነበረው ኮቴትሱ የተባለው ሠሪ ስሙ እጅግ ስለ ታወቀ በሐሰት የሚቀረጽበት ሰይፍ ብዙ ነው።

የለውጥ ዐይነቶች

ይህን ለአገራችን ጎራዴ ብንተረጕመው ለውጦችን በሦስት ከፍለን ልናያቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው የአገልግሎት ለውጥ ነው። እጀታው በጦርነት ወይም በእርጅና ተሰብሮ በሌላ ቢተካ፣ አፎቱ ተቀድዶ በጠፍር ቢጠገን፣ ስለቱ ብዙ ጊዜ ተስሎ ቢቀጥን፣ ይህ ሁሉ ጎራዴው በሰው እጅ መኖሩንና መሥራቱን ያስረዳል። እንዲህ ያለው ለውጥ የጎራዴው ታሪክ አንድ ክፍል ነው።

ሁለተኛው የማሳመር ለውጥ ነው። ባለቤቱ በቅን ልቡና፣ ነገር ግን ባለማወቅ፣ ይፈትገዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ አሮጌውን ቆዳ ገፎ በአዲስ ይለውጠዋል። ይህ ማታለል አይደለም፤ ጉዳቱ ግን ከማታለል ሊበልጥ ይችላል፤ የተፋቀ ጽሑፍ አይመለስምና።

ሦስተኛው የማታለል ለውጥ ነው። አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል በአሲድ ማዛግ፣ በተራ ጎራዴ ላይ «ዐድዋ 1888» ብሎ መቅረጽ፣ የአንዱን እጀታ ለሌላው ገጥሞ «ከራስ እገሌ ቤት የወጣ ነው» ማለት የዚህ ወገን ነው። ሐሰተኛ ሊባል የሚገባው ይህ ብቻ ነው።

መርማሪው ምን ይመለከታል?

አንደኛ፣ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን። እጀታው በመቶ ዓመት አያያዝ ተልጎና ወዝቶ ሳለ ስለቱ እንደ ትናንት የሚያበራ ቢሆን፣ ወይም ስለቱ የጠቆረ ሆኖ በእጀታው ራስ ላይ የተጠፈጠፈው የጭራው ጫፍ አዲስ የመዶሻ ምት ቢታይበትና ቢያበራ፣ እጀታው አንድ ጊዜ ወልቆ እንደገና ተገጥሟል ማለት ነው። መቼና ለምን እንደ ወለቀ መጠየቅ ያስፈልጋል። በተለይ ሾተል እጅግ የጎበጠ ስለ ሆነ በገዛ አፎቱ እንጂ በሌላው አፎት በደኅና አይገባም። ስለቱ በመካከል ቢያዝ ወይም በአፎቱ ውስጥ ቢንቀጫቀጭ ሁለቱ አብረው የተወለዱ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ የብረቱን ውፍረት። በእጅ የተቀጠቀጠ ወይም በደኅና ፋብሪካ የተሠራ ስለት ከእጀታው ወደ ጫፉ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ እየሳሳ ይሄዳል። ለጎብኚ እንዲሸጥ ከመኪና ባሌስትራ ወይም ከላሜራ ተቆርጦ የተሠራው ግን ብዙ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ነው። እንዲያውም በእጅ ሲያዝ ጫፉ ይከብዳል። በኤሌክትሪክ መሞረጃ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በላዩ የተጋደሙ ቅስት ጭረቶች ይታዩበታል።

ሦስተኛ፣ ዝገቱን። በብዙ ዓመት የመጣ ዝገት ጥቁር ወይም ጥቁር ቡና ቀለም ያለው፣ በብረቱ ላይ የጠነከረ፣ እዚህም እዚያም እኩል ሳይሆን የሚገኝ ነው፤ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሳሳል፣ በማእዘንና በቦዩ ውስጥ ይበረታል። በጨው ወይም በአሲድ በጥቂት ቀን የመጣ ዝገት ግን ቀላ ያለ፣ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት የሚረግፍ፣ በብረቱ ሁሉ ላይ እኩል የተነሰነሰ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው ቸኩሎ የሚያስረጅ ሰው እጅ የሚደርስበትንና የማይደርስበትን ቦታ መለየት ይሳነዋል።

አራተኛ፣ እጀታውን። የአውራሪስ ቀንድ የአጥንት እምብርት የሌለው፣ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ክሮች የተሞላ ድፍን ነገር ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ በጎኑ ቀጫጭን መስመሮች፣ በተቆረጠው ፊቱም ነጠብጣቦች ይታያሉ። የበሬ ቀንድ ግን ክፍት በመሆኑ ወፍራም እጀታ ከርሱ ለማውጣት መገጣጠም ያስፈልጋል፤ ሲያረጅም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንብርብር ይነሣል። ፕላስቲክ ከሆነ ክር የለውም። አንዳንድ ሰዎች በጋለ መርፌ ወግተው ይፈትናሉ፤ ይህ ቅርሱን የሚያቆስል ስለ ሆነ ከቶ ሊደረግ አይገባም። የአውራሪስ ቀንድ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ መሆኑም መታወቅ አለበት።

አምስተኛ፣ አፎቱን። አሮጌ አፎት በጠፍር ወይም በጅማት በእጅ የተሰፋ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ትክክል እኩል አይሆኑም። በናይለን ክር የተሰፋ ወይም በመኪና የተሰፋ ከሆነ ስፌቱ ዘመናዊ ነው። ስፌቱ ብቻ አዲስ ሆኖ ቆዳው አሮጌ ቢሆን ግን ጥገና ነው እንጂ ሐሰት አይደለም። የምድጃ ጢስ በቆየበት ቤት የተሰቀለ አፎት ጢሱ በላይኛው ወገኑና በስፌቱ ውስጥ ይጠልቃል፤ ወደ ግድግዳው የተጠጋው ጎኑ ይነጣል። በቀለም የጠቆረ አፎት በሁለቱም ጎን አንድ ዐይነት ነው።

ጽሑፍና ዓመተ ምሕረት

ስድስተኛውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጽሑፉ ነው። በዕቃ ላይ የተጻፈ ዓመት ሁልጊዜ ዕቃው የተሠራበት ዓመት አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ አባቶቻችን ሲገበያዩበት የነበረው ጠገራ ብር ነው። በማርያ ትሬዛ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ይኸውም ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ነገር ግን ብሩ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በዚያው ዓመትና በዚያው መልክ ሲመታ ኖሯል። የገበያ ሰዎቻችን ብሩን ሲቀበሉ ዓመቱን አይመረምሩም ነበር፤ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ባለው ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቈጥሩ ነበር እንጂ። ስለዚህ ምርመራ ለአገራችን ሰው እንግዳ ሙያ አይደለም። የእጀታው ራስ በጠገራ ብር ያጌጠ ቢሆንም «1780 ይላልና ጎራዴው የዚያን ጊዜ ነው» ማለት አይቻልም።

ጽሑፍ ዘመንን ለማረጋገጥ ባይበቃም የማይሆነውን ነገር ለማስወገድ ግን በጣም ይረዳል። ለምሳሌ በስለቱ ሥር «በጀርመን አገር የተሠራ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቢገኝ፣ ይህ አጻጻፍ የተስፋፋው እንግሊዝ በ1887 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ንግድ ምልክት ሕግ ካወጣች በኋላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ያረፉት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለበት ስለት «የቴዎድሮስ ነው» ቢባል ሊታመን አይችልም። እንዲሁም «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ጽሑፍ ከፋብሪካው የወጣ ስለት ከ1922 ዓ.ም. በፊት ሊሠራ አይችልም፤ ስለዚህ «በዐድዋ የተዘመተበት» መሆኑ ቀርቷል። ሆኖም በማይጨው ወይም በአርበኝነት ዘመን የተዘመተበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከሆለታው የጦር ትምህርት ቤት የወጣ መኮንን የታጠቀው ሊሆን ይችላል። አንዱ ታሪክ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ሌላ እውነተኛ ታሪክ በሥሩ ሊኖር ይችላልና ወዲያው መጣል አይገባም።

ጽሑፉ ኋላ የተጨመረ መሆኑን ለማወቅ ፊደሉን በአጉሊ መነጽር ማየት ይበቃል። ፋብሪካ በአሲድ ያስበላው ጽሑፍ ጥልቀቱ እኩል ነው፤ ዝገቱም በፊደሉ ውስጥና ውጭ አንድ ዐይነት ነው። ኋላ የተቀረጸው ግን ዝገቱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በፊደሉ ግርጌም ንጹሕ ብረት ይታያል። የፊደሉ መጣመም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የእኛን ፊደል የማያውቅ የውጭ አገር ሠራተኛም ሊያጣምመው ይችላልና። የፋብሪካ ምልክትም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም፤ በጥንት ጊዜ የሶሊንገን ሠሪዎች ራሳቸው ፓሳው የምትባለውን ከተማ የተኩላ ምልክት በሥራቸው ላይ ይመቱ ነበር።

በሱሉልታ ያየነው ጎራዴ

እስካሁን የተባለው እንዴት በሥራ እንደሚውል ለማሳየት ባለፈው ዓመት እኛ አራት ተማሮች በሱሉልታ ያየነውን ላስረዳ። አንዲት አሮጊት እናት ከአባታቸው የወረሱት ጎራዴ ነበራቸው። ገዢ መጥቶ «እማማ፣ ይህ የተቀጣጠለ ነገር ነው፤ ለጌጥ እንኳ አይሆንም» ብሏቸው ኖሮ፣ በሰጣቸው ዋጋ ሊሸጡት ቈርጠው ነበር። የገንዘቡ ጉዳይ ቀላል አልነበረም፤ የልጅ ልጃቸው የትምህርት ወጪ ይጠበቅባቸዋልና። ጎራዴውን ወደ ብርሃን አውጥተን ተመለከትነው።

በስለቱ ሥር ከዝገቱ በታች የሶሊንገን ስም የመጀመሪያዎቹ ፊደላት በጭንቅ ይነበባሉ። ስለቱ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ተስሎ ተስሎ አንድ ጎኑ ገባ ብሏል። እጀታው ቀንድ ሳይሆን ወይራ ነው፤ የጭራው ጫፍ ግን እንደ እንጨቱ ሁሉ የጠቆረ ነበር። ስለዚህ እጀታው ተለውጧል፤ የተለወጠው ግን ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። አፎቱ በመካከሉ ተሰብሮ በሌላ ቆዳ ተጠግኗል። እኛም «እማማ፣ እጀታውን ማን እንደ ሠራው ያስታውሳሉ?» ብለን ጠየቅናቸው።

እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «የፊተኛው እጀታ ቀንድ ነበረ አሉ። አባቴ ከጫካ ሲመለስ ስለቱን ብቻ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ይህን የገጠመለት ጎረቤታችን ባለ እጁ ነው፤ ዋጋውን አልቀበልም ብሎ አንድ ቁና ጤፍ ነው የሰጠነው» ሲሉ መለሱልን። ይህን ነገር ለልጆቻቸው እንኳ ነግረዋቸው አያውቁም ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

እንግዲህ ገዢው እንደ ጉድለት የቈጠረው እጀታ ከጎራዴው ክፍሎች ሁሉ ታሪክ ያለው ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ የእኛ ምርመራ ጎራዴውን የዐድዋ ጎራዴ አላደረገውም፤ ዋጋውንም ስንት እንደ ሆነ ለመናገር አንደፍርም። ነገር ግን የተባለው ሐሰት እንዳልሆነ አረጋገጥንላቸው። እርሳቸው የተናገሩትን የልጅ ልጃቸው በወረቀት ጽፎ ከጎራዴው ጋር አስቀመጠው። ለትምህርቱ ወጪ በግ ሸጡ፤ ጎራዴው ግን በቦታው ተሰቅሏል።

ኋላ የተጨመረ ነገር ማስረጃ ሲሆን

ለውጥን ሁሉ በጥላቻ ማየት እንደማይገባ የሚያስረዳ አንድ ሌላ ምሳሌ አለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ብዙ የአገራችን ቅርስ ተዘርፎ ሄዷል። ከተዘረፉት አንዱ የሆነ ጋሻ በ2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በጨረታ ሊሸጥ ቀርቦ ነበር። ከጋሻው ላይ መቅደላ የሚል ስምና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 13 ኤፕሪል 1868 የሚል ቀን በእንግሊዝኛ ተጽፎበት ነበር። ይህን የጻፈው የጋሻው ሠሪ አይደለም፤ ከተወሰደ በኋላ የተጨመረ ነው። ነገር ግን ከየትና መቼ እንደ ተወሰደ በግልጥ የሚመሰክረው ይኸው ኋላ የተጨመረው ጽሑፍ ነው። ከጨረታው እንዲወጣ ተደርጎ በ2017 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። አንድ ሰው ጋሻውን «ወደ ጥንት መልኩ ልመልሰው» ብሎ ያን ጽሑፍ ፍቆት ቢሆን ኖሮ ምስክሩን ባጠፋ ነበር።

ምን እናድርግ?

ጎራዴ በቤቱ ያለ ሰው የሚከተሉትን ቢጠብቅ ይበቃዋል። በብርጭቆ ወረቀት፣ በሽቦ፣ በአሲድ ወይም በአመድ አይፈትግ፤ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ያንሣ። ስለቱን በባዶ እጅ ከነካ የላብ ጨው ብረቱን እንዳይበላው ወዲያው ይጥረገው፤ ከዚያም ቀጭን የማሽን ዘይት በስሱ ይቀባው። ዘይቱ ቆዳውን እንዳይነካ ይጠንቀቅ። እጀታውን ለማውለቅ አይሞክር፤ የእኛ እጀታ እንደ ጃፓኖቹ በችንካር የተያዘ ሳይሆን ጭራው የተጠፈጠፈ ስለ ሆነ ሲወልቅ ይሰበራል። የተቀደደ አፎት ቢሆንም አይጣል። ጎራዴውን በሁለቱም ጎን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ርዝመቱን፣ ጽሑፉንና ማን ለማን እንዳወረሰው ይጻፍ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ይጠይቅ፤ ሲጽፍም የታየውንና የተነገረውን ለይቶ ይጻፍ። «ስለቱ ላይ አንበሳ አለ» የታየ ነው፤ «አባቴ በዐድዋ ታጥቆታል» የተነገረ ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ሲቀላቀሉ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ።

ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው በአዲስ አበባ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም፣ በስድስት ኪሎም በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይጎብኝ። ዐይን የሚሠለጥነው ብዙ እውነተኛ ነገር በማየት ነውና። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በ1992 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 209 የተከለከለ መሆኑንም ገዢም ሻጭም ሊያውቁት ይገባል፤ ጥያቄ ያለው ሰው የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይችላል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሮች ሆይ! ከተሞቻችን በየዓመቱ እየሰፉ ናቸው። የጭቃው ቤት ፈርሶ የብሎኬት ቤት ሲሠራ፣ ቤተ ሰብም ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር፣ አሮጌው ሣጥን የሚከፈተውና የሚጣለው ነገር የሚለየው በዚያች ቀን ነው። በዚያች ቀን በቤት ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ለሽማግሌዎቹም የሚታዘዝ ልጅ ቢኖር ብዙ ነገር ይድናል። ስለዚህ በዚህ የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን በቤታችን ወይም በጎረቤታችን ያለውን አንድ አሮጌ ዕቃ መርጠን፣ ባለቤቱን በትሕትና ጠይቀን፣ የታየውንና የተነገረውን በደብተራችን ጽፈን በመስከረም ይዘን ብንመጣ፣ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ የሌለውን መጽሐፍ ያገኛል።